ጥሩንባ፣ ስልክና የደነገጠ ልብ

በደብረ ታቦር ዙሪያ ባለው በፋርጣ መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ ነው። ሟቹ ሁመራ ለአጨዳ ወርዶ ወይም አዲስ አበባ በጥበቃ ሥራ ላይ ሳለ የሞተ እንደሆነ፣ ወሬው መጀመሪያ የሚደርሰው ለቤተሰቡ አይደለም። አንድ ጎረቤት ይሰማል፤ ለቄሱ ይነግራል፤ ቄሱ ሽማግሌ ያስጠራል። ያን ሌሊት ሰፈሩ ሁሉ እያወቀ ያ ቤት ብቻ ሳያውቅ ይተኛል። ሴቶቹ ማታውን እርሾ ወይም ጨው ፈልገን ብለው ጎራ ይላሉ። እናቲቱ እራት መብላቷን፣ ልጆቹ የት እንደተኙ፣ በቤቱ አራስ ወይም በሽተኛ መኖሩን አይተው ይወጣሉ። ሊነጋጋ ሲል ነጠላቸውን ዘቅዝቀው በሩ ላይ ይቆማሉ። የሚናገር አፍ አያስፈልግም። ስትወድቅ የሚይዟት እጆች ተዘጋጅተዋል፤ ውሃ የያዘች ልጅ ከኋላ ቆማለች፤ ሙሾ የምታወርደዋም ተጠርታለች።

ስለ መርዶ የማወራው ስለ ሞት ልጽፍ ፈልጌ አይደለም። ዕድሜዬን ያሳለፍሁት በአእምሮ ጤና ነርስነት ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ከሁለት የቀድሞ ባልደረቦቼ ጋር ሆነን፣ ልባቸውን ታመው ከሆስፒታል ወደ ገጠር ቤታቸው የተመለሱ ሰዎችን በስልክ እንጠይቃለን። ሥራው ደመወዝም ስምም የለውም። ከሁሉ በፊት የገጠመን ጣጣ ስልኩ ራሱ ነው። ፍርሃቱን ላበርድለት ብዬ ስደውል፣ በሽተኛዬ የስልኩን ጩኸት ሲሰማ በላብ ይጠመቃል። ነገሩ የገባኝ ስልክ ወደ ጉና ተራራ ሥር ሲመጣ ምን ተሸክሞ እንደመጣ ወደ ኋላ ሄጄ ሳስብ ነው።

በከተማው፣ በደብረ ታቦር፣ የሞት ወሬ የዕድር ጥሩንባ ነበረው። ነፊው ገና ሳይነጋ በየመንደሩ እየዞረ ይነፋል፤ የሟቹን ስም፣ የቀብሩን ሰዓትና ቤተ ክርስቲያኑን ይናገራል። ጥሩንባው ግን የሚናገረው ለጎረቤት ነው። ባለ ሐዘኖቹ አስቀድመው ተነግሯቸዋል፣ ቤታቸውም በሰው ተሞልቷል። ደብዳቤም የራሱ ሥርዓት ነበረው። አንባቢው መሪጌታ ወይም የቆሎ ተማሪ ነው፤ ጋይንት ውስጥ እንደ ቤተልሔምና ዙር አምባ ያሉ የአብነት ትምህርት ቤቶች ስላሉ አገራችን ፊደል የቆጠረ ሰው አጥቶ አያውቅም። ደብዳቤው ክፉ ወሬ ካለበት አንባቢው ያንን መስመር ይዘለዋል። «ደኅና ናቸው፣ እንደምን አላችሁ ብለዋል» ብሎ አጥፎ ይመልስና ማታ ወደ ሽማግሌዎቹ ቤት ያዘግማል። ድጓና ዝማሬ ከመማር ሌላ ይህም የእነዚያ ልጆች ሙያ ነበር።

በልጅነቴ ስልክ ማለት ደብረ ታቦር ቴሌ ማለት ነው። ከአዲስ አበባ ትፈለጋለህ የሚል መልእክት የደረሰው ሰው ከጋሳይ ወይም ከእስቴ ተነሥቶ፣ ገሚሱን በእግሩ ገሚሱን በጭነት መኪና መጥቶ ወረፋ ይጠብቃል። ሰውን ከዚያ ሁሉ መንገድ የሚያስመጣ ወሬ ጥቂት ነው፤ ሞት፣ እስር፣ አልፎ አልፎ ገንዘብ። ዘመድ ያለው ሰው ግን ክፉውን በስልክ አይሰማም ነበር። በደርግ ዘመን ቻይናዎች የወረታ ወልድያን መንገድ ከሠሩት በኋላ መርዶ ነጋሪ በአውቶቡስ ተሳፍሮ ከአዲስ አበባ ድረስ ሲመጣ አይተናል። ቀን ሙሉ ተጉዞ፣ ከባለ ሐዘኖቹ ተደብቆ ሌላ ቤት አድሮ፣ ማለዳ ከሽማግሌዎቹ ጋር ይሄዳል። ይህን ያህል ድካም የሚጠየቅበት ሥራ ነበር።

ሞባይል ኢትዮጵያ የገባው በ1991 ዓ.ም ነው። እኛ ደጋ ላይ ሲዳረስ ግን ያን የሽማግሌ ሰንሰለት በጠሰው። አዲስ አበባ ያለው የአጎት ልጅ ሬሳው አጠገብ ቆሞ በድንጋጤ ይደውላል። ስልኩን የምታነሣው እናት ብቻዋን ናት፤ ምናልባት ከብት እየነዳች፣ ምናልባት እሳት አጠገብ ቆማ። የሚይዛት እጅ የለም። ብዙ ሰው እንዲህ ሆኖ አይደለም መርዶ የሰማው፤ ነገር ግን በአንድ መንደር አንድ ቤት ይህ ከደረሰ መንደሩ ሁሉ የሌሊትና የማለዳ ስልክ መፍራት ይጀምራል።

ድንገተኛ ሐዘን ልብን እንደሚያደክም ሕክምናውም አረጋግጧል። የጃፓን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1990 ገደማ የገለጹት አንድ የልብ ሕመም አለ። ከከባድ ድንጋጤ በኋላ የልቡ ግራ ክፍል ያብጥና መምታት ያቅተዋል፤ ምልክቱ ልቡ በተመታ ሰው ላይ ከሚታየው ጋር ይመሳሰላል። ብዙውን ጊዜ የሚይዘው በዕድሜ የገፉ ሴቶችን ነው፤ አብዛኞቹም በሳምንታት ውስጥ ይድናሉ። የፋርጣ ሽማግሌዎች በመሣሪያ አላዩትም። እንዲሁ ያወቁት ይመስለኛል፤ ካልሆነ እናቲቱ እራት መብላቷን ለማየት ለምን ሰው ይልካሉ?

ግን ይኸው ጥንቃቄ ሌላ መዘዝ አለው። ልቡን ለታመመ ሰው መርዶ አይነገርም። ወንድሙ ከሞተ ዓመት አልፎት «ሥራ በዝቶበት ነው» እየተባለ ይኖር የነበረ ሰው አውቃለሁ። በፍቅር ነው የሚደበቀው። ሰውየው ግን ሞኝ አይደለም። እሱ ሲገባ ጨዋታ እንደሚቋረጥ፣ ሚስቱ ስልክ ይዛ ወደ ጓሮ እንደምትወጣ ያያል። ከዚያ ወዲያ ስልክ በጮኸ ቁጥር ማን ሞቶ ይሆን እያለ ዘመዱን አንድ በአንድ ይቆጥራል። አትረስ ይሉታል፤ እንጨት አትፍለጥ፣ ዳገት አትውጣ፣ ለቅሶ አትሂድ። እኛ አገር ቀብር መቅረት ከሰው ተራ መውጣት ነው። በሠርግና በቀብር ጥይት ይተኮሳልና ከሁለቱም ይከለከላል። ለቡሄ እንኳ፣ በደብረ ታቦር በዓል በደብረ ታቦር ከተማ፣ የልጆች ጅራፍ ያስደነግጠዋል ተብሎ በሩ ይዘጋበታል። ሐኪሙ ያዳነውን ሰው ቤተሰቡ በሕይወቱ ሳለ ይቀብረዋል ማለት ነው።

በገበሬው አልፈርድም። የፈረንጅ ሐኪምም እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ልቡ የተመታን ሰው ለሳምንታት ከአልጋ አያስነሣም ነበር። ሳሙኤል ሌቪንና በርናርድ ላውን የተባሉ የቦስተን ሐኪሞች በሽተኞቻቸውን ቶሎ ከአልጋ አውርደው ወንበር ላይ ማስቀመጣቸውንና ጥቅሙን የጻፉት እ.ኤ.አ. በ1952 ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ልባቸውን ሲታመሙ ሐኪማቸው ፖል ዳድሊ ዋይት ሕመሙን ለሕዝብ በግልጽ አስረዳ። ሰውየው ወደ ሥራቸው ተመለሱ፣ በ1956ም እንደገና ተመረጡ። ብዙ አሜሪካዊ ከልብ ሕመም በኋላ ኑሮ እንዳለ ያየው ያኔ ነው።

እንዲህ የፈራን ሰው መርዳት የአእምሮ ሕክምና ሥራ ነው። የዚህ ሕክምና ታሪክ ሲነሣ ደብረ ታቦርን የሚጠራት አልሰማሁም፤ እኔ ግን እጠራታለሁ። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ጋፋት አለ፤ አፄ ቴዎድሮስ የአውሮፓ ሚሲዮናውያን ባለሙያዎችን አስፍረው ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩበት ቦታ። 7 ቶን ያህል የሚመዝነው መድፍ በሰው ጉልበት ተጎትቶ መቅደላ መድረሱን ተማሪ ሁሉ ያውቃል፤ አምሳያውም አዲስ አበባ ቸርችል ጎዳና ላይ ቆሟል። ከጋፋት ሰዎች አንዱ ቴዎፍሎስ ዋልድማየር የሚባል ስዊዘርላንዳዊ ነበር። የንጉሡን ወዳጅ የሊቀ መኳስ ዮሐንስን፣ የእንግሊዛዊውን የጆን ቤልን ልጅ አገባ፤ እናቷ ኢትዮጵያዊት ናት። ንጉሡ በ1860 ዓ.ም መባቻ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ሲነሡ እሱም አብሮ ተጓዘ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ መቅደላ ስትወድቅ ከነቤተሰቡ ከአገር ወጣ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ተማሪው አያውቅም። ዋልድማየር ሊባኖስ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1873 ብሩማና በተባለ ተራራማ ከተማ ትምህርት ቤት አቋቋመ። ካረጀ በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር አስጨነቀው። በሊባኖስ ተራራ አእምሮው የታወከ ሰው ወደ ቅዱስ እንጦንስ ገዳም ዋሻ እየተወሰደ በሰንሰለት ይታሰር ነበር፤ የእኛን አንዳንድ ጸበል ቦታ ያየ ሰው በዚህ አይገረምም። ዋልድማየር አውሮፓንና አሜሪካን ዞሮ ገንዘብ ለመነ። በ1896 ለዚሁ ሥራ ማኅበር ተቋቋመ፤ በ1900 ከቤይሩት ወጣ ብሎ በአስፉሪዬ የአእምሮ ሆስፒታሉ በሩን ከፈተ። እስከ 1982 ድረስ ሠራ፤ በመካከለኛው ምሥራቅ ከመጀመሪያዎቹ ዘመናዊ የአእምሮ ሆስፒታሎች አንዱ ነው።

ጋፋት ላይ ያየው ነገር ወደዚያ መራው ብዬ አልምልም። ግን ቴዎድሮስን በቅርብ ያየ ሰው ነው። የንጉሡ ሚስት ተዋበች በ1850 ዓ.ም ሞተች፤ በሁለት ሦስት ዓመት ውስጥ እንግሊዛውያን ወዳጆቻቸው ፕላውደንና ቤል ተገደሉ። ንጉሡ ሐዘናቸውን በሰው ላይ ሲያወርዱት ዋልድማየር እዚሁ ነበር። ለንጉሥ መርዶ የሚነግር ሽማግሌ ማን ነው? ሲወድቅስ ማን ደፍሮ ይይዘዋል? ለመድፉ ሐውልት ማቆማችን ደግ ነው፤ ጋፋትን የሚጎበኝ ተማሪ ግን ስለ አስፉሪዬም ቢነገረው ደስ ይለኛል።

በእኛ አገር ነገሩ ብዙ ዘገየ። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራው የአዲስ አበባው አማኑኤል ለረጅም ጊዜ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ነበር። በ1980 ዓ.ም ገደማ በዚያው ግቢ ነርሶችን በአእምሮ ሕክምና ማሠልጠን ተጀመረና ሠልጣኞቹ ወደየክፍለ ሀገሩ ተበተኑ። እኔም ከእነሱ በኋላ በዚያ በር አልፌያለሁ። የተማርነው ስለ ከባድ ሕመም ነው፤ ራሱን ስለ ሳተ፣ ድምፅ ስለሚሰማ፣ ስለሚጥለው ሰው። ልቡን ታሞ የዳነና ሌሊት መተኛት የፈራ ገበሬ በትምህርታችን ውስጥ አልነበረም።

እሱ የመጣው ቆይቶ ነው። በደጋው ልብ ከሁለት ወገን ይታመማል። አንደኛው የልጅነት የጉሮሮ ሕመም በወቅቱ ሳይታከም ቀርቶ የልብን በር የሚያበላሸው ነው፤ ከወንድ ይልቅ ሴት ያጠቃል፤ በየወሩ ፔኒሲሊን መወጋት ይጠይቃል። የሕፃናት ልብ ሐኪሙ ዶክተር በላይ አበጋዝ የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃን ያቋቋሙት ለእነዚህ ልጆች ነው፤ በ2001 ዓ.ም በጥቁር አንበሳ ግቢ የልብ ማዕከሉ ተከፈተ። ሁለተኛው ደም ግፊትና ስኳር እየተከተለ በጎልማሳው ላይ የሚመጣው፣ የልብ የደም ሥር ሲዘጋ የሚደርሰው ነው። ከሁለቱም የተረፈ ሰው ፍርሃት ይዞ ይመለሳል። የብረት የልብ በር የተገጠመላት አንዲት ወጣት የእስቴ ሴት ሌሊት የምትሰማው ከደረቷ የሚወጣውን ቀጭ ቀጭ ነበር። ከተማ ቢሆን ጫጫታ ይውጠዋል። እዚያ ጸጥታ ውስጥ ግን እንደ ግድግዳ ሰዓት ይሰማል፤ እሷም እንዳይቆም ነቅታ ትጠብቀዋለች።

ይህ ፍርሃት ተራ ነገር አይደለም። ልባቸው ከተመታ ሰዎች ከአምስቱ አንዱ ገደማ ከባድ ድባቴ ይይዘዋል፤ ድባቴ የያዘው መድኃኒቱን ይተዋል፣ ከቤት አይወጣም። አሜሪካኖች 2481 ሰዎችን አሳትፈው እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት ጥናት፣ በንግግር የታከሙት ሰዎች ድባቴያቸውና ብቸኝነታቸው ቀለል ብሏል፤ የሞት ቁጥር ግን አልቀነሰም። እውነቱን መናገር ይሻላል፤ ንግግር ልብ አይጠግንም። ስዊድኖች ደግሞ በ25 ሆስፒታሎች ከልብ ሕመም በኋላ በጭንቀት ወይም በድባቴ ለተያዙ 239 ሰዎች የ14 ሳምንት ሕክምና በኢንተርኔት ሞከሩ፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ታተመ። ሕክምናው ከተለመደው ክትትል የተለየ ጥቅም አላሳየም። ዕድሉ ከደረሳቸው መካከል ግማሽ ያህሉ የመግቢያውን ክፍል እንኳ አልጨረሱም። ኢንተርኔት በሞላበት፣ ሁሉም በሚያነብበት አገር ማለት ነው። ይህን ሳነብ አልደነቀኝም። ለደነገጠ ሰው የቤት ሥራ ሰጥተህ ስትሄድ የሚሆነው ይኸው ነው።

እኛ መንገዱን የወሰድነው ከመርዶ ሽማግሌዎቹ ነው። መጀመሪያ ሰዓቱ። በማለዳና በማታ አንደውልም። ከቀኑ 9 ሰዓት፣ ሁልጊዜ በአንድ ቀን፤ ስልኩ በዚያ ሰዓት ሲጮህ ሲስተር መሆኗን ቤቱ ሁሉ ያውቃል። ቀጥሎ የሚይዙት እጆች። ከበሽተኛው በፊት ሚስቱን ወይም ልጁን አነጋግራለሁ። ሲጨንቀው አብራው ትተንፍስ እንጂ አትጩህ እላለሁ። የደረት ሕመሙ ሩብ ሰዓት አልፎ ካልተወው፣ ወይም ላብና የትንፋሽ ማጠር ካለው ግን ስልክ ትተው መኪና ይፈልጉ፤ ይህን በየጥሪው እደግመዋለሁ። ሦስተኛው ድምፁ። ዛሬ እኔ፣ ነገ ሌላ ሰው አይሆንም።

ከዚያ ወሬ እንጀምራለን። ስለ ድንች፣ ስለ ገብስ ውርጭ። «አንቱ፣ ትናንት የት ድረስ ሄዱ?» ስል «እስከ በሩ» ይሉኛል። በሚቀጥለው ሳምንት እስከ ጎረቤት አጥር፣ ከዚያ እስከ ቤተ ክርስቲያን። ዳገት ሲወጡ ልባቸው ሲመታ ያ ምት ሕመሙ የተመለሰ ይመስላቸዋል፤ ይፈራሉ፤ ፍርሃቱ ምቱን ያበዛዋል፤ የበዛው ምት ፍርሃቱን ያጸናዋል። ይህን ዙር ለመስበር ቀስ ያለ ትንፋሽና በልክ የሚጨምር እርምጃ ብዙ ይሠራል። ጸበል የሚሄዱትን አልከለክልም፤ መድኃኒቱን በጸበሉ ዋጡት እላለሁ፤ የንስሐ አባታቸውም ይህንኑ ሲሏቸው ከእኔ ቃል ይልቅ ያዳምጣሉ። ዋንዛዬ ፍል ውኃ ልግባ ለሚለኝ ግን ሙቅ ውሃ ግፊት ያወርዳልና ሐኪምዎን ሳይጠይቁ አይግቡ እለዋለሁ።

አንድ ጊዜ የአንድ መንደር ሽማግሌዎች ወደ እኔ ደወሉ። ነገሩ የወንድሙ ሞት የተደበቀበት የዚያ ሰው ነው። ተዝካሩ ስለ ደረሰ መደበቁ አላዋጣም። ተማከርን። እራቱን ይብላ፣ የጠዋት ክኒኑን ይዋጥ፣ የጤና ኤክስቴንሽኗ የደም ግፊት መለኪያዋን ይዛ ትምጣ፣ እኔ ስልክ ላይ ልሁን አልሁ። ነገሩት። አለቀሰ። ፍትሐቱ የት እንደተደረገ ጠየቀ። ከዚያ የሽማግሌዎቹን ዘር ማንዘር እየጠራ ሰደባቸው፤ ዓመት ሙሉ እኔን ሞኝ አድርጋችሁ ብሎ። ስልኩ ውስጥ ሆኜ ስድቡን ሁሉ ሰማሁ። ከመታመሙ ወዲህ እንዲያ ጉልበት ያለው ድምፅ ከእሱ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

በኢንተርኔቱ በኩል ትንሽ ተጉዘን ነበር። የትንፋሹን ልምምድ በድምፄ ቀርጬ በቴሌግራም እልክ ነበር፤ አሜሪካ ያለ ልጅ ለአባቱ ያስተላልፍ ነበር። በሐምሌ 2015 ዓ.ም መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ በክልላችን የሞባይል ዳታ ሲዘጋ ያ መንገድ ተቆረጠ። የዳነው ሚሞሪ ካርድ ላይ የነበረው ነው። ወጣቶቹ ዘፈንና ስብከት በሚያስጭኑበት ሱቅ የእኔም ድምፅ ተጭኖ ከስልክ ወደ ስልክ ዞረ፤ ከማላውቀው ቀበሌ «አንቺ የትንፋሿ ሴትዮ ነሽ?» ብሎ የደወለልኝ አለ። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በነሐሴ 2013 ዓ.ም፣ ነፋስ መውጫ በጦርነቱ ተይዛ፣ ደብረ ታቦርም በከባድ መሣሪያ ተደብድባ ነበር። ስለዚህ አሁን የምንጠይቀው ሰው የሚፈራው የልቡን ምት ብቻ አይደለም፤ የትኛው ፍርሃት ከየትኛው እንደሚጀምር ለመለየት በስልክ ይቸግራል።

ያልፈታነው የሴቶቹ ነገር ነው። በብዙ ቤት ስልኩ የባል ነው። የልብ በሯ የተቀየረላት ወጣት ትልቁ ጭንቀቷ እርግዝና ነው፤ የደም ማቅጠኛው ዋርፋሪን ለጽንስ አይስማማም፣ ማቆሙም ለእሷ አደገኛ ነው፣ አማቷ ግን ልጅ ትጠብቃለች። ይህን ባሏ አጠገቧ ቁጭ ብሎ፣ ድምፁ ለሁሉ በተከፈተ ስልክ ልትነግረኝ አትችልም። «ደኅና ነኝ ሲስተር» ብላ ትዘጋዋለች። ለጊዜው ፔኒሲሊኗን ልትወጋ በወር አንድ ጊዜ ጤና ጣቢያ ስትመጣ፣ ነርሷ በራሷ ስልክ ደውላ፣ በሩን ዘግታ ትወጣላታለች። ሩብ ሰዓት ታህል እናወራለን፤ ወረፋው ሲረዝም ያች ሩብ ሰዓትም ታጥራለች።